«ሰው ሰራሽ» ሜተድ ይባላል እንዴ?

ጀማሪ ተርጓሚ፦ ሰላም ቤተሰብ፣ አንድ የጃቫ (የፕሮግራም ቋንቋ) ማስተማሪያ ወደ አማርኛ እየመለስኩ ነው፣ ከኔ በፊት የጀመረው ሰው «ሲንተቲክ ምልክት ያለበት ሜተድ ሰው ሰራሽ ነው» ብሎ ጽፎታል። ሜተድ (አንድ ሥራ የሚሠራ የኮድ ክፍል) መሆኑስ እሺ፣ ግን ሰው እኮ አልሰራውም! ኮምፓይለሩ (የጻፍነውን ኮድ ማሽን ወደሚያስኬደው የሚቀይረው ፕሮግራም) ነው በራሱ የጨመረው። በእጃችን የጻፍነውን ምን ልንለው ነው ታዲያ? በምን ልተካው?

የቆሎ ተማሪ፦ «ኅቡእ» በለው፣ አለቀ። ኀብአ ማለት ሸሸገ ነው። ተቃራኒው ክሡት (የተገለጠ)። ግዕዝ እያለ ምን ያንከራትትሃል?

እቴጌ፦ ህቡዕ በዐይኑ ዐ አይደል እንዴ? ጋዜጣው ሁሉ እንደዛ ነው የሚጽፈው

የቆሎ ተማሪ፦ ጋዜጣ ነው እንዴ የኔታሽ? በአልፉ አ ነው። ዐይኑን ማን እንዳስገባው እንጃ።

ባይትኮድ፦ ኧረ ኅቡእም አይሆንም፣ መች ተደበቀ? ክላስ ፋይሉን (ኮምፓይለሩ የሚያወጣውን) በጃቫፒ (ክላስ ፋይል ማያ መሣሪያ) ስትከፍተው ቁጭ ብሎ ታገኘዋለህ፣ የሌለው ሶርሱ (እኛ የጻፍነው ኮድ) ላይ ነው

ግሪክ አዋቂ፦ ሲንተሲስ እኮ ማዋሃድ ነው። «ውሁድ» በሉት።

እቴጌ፦ እሱን ከነካህ የተዋሕዶን ክርክር ይዘን ኬልቄዶን ጉባኤ ደርሰን ነው የምንመለሰው 😂

ሰዋስው ወዳድ፦ እኔ የሚገባኝ «መጣ» ስንል «እሱ» አልተጻፈም ግን አለ፣ ይሄም እንደዛ ነው።

ባይትኮድ፦ ጥሩ ነገር አነሳህ፣ ግን ምሳሌህ የሚሄደው ለዲፎልት ኮንስትራክተሩ (ከክላስ ኦብጀክት ለመፍጠር፣ ሳንጽፈው የሚመጣው) ነው እንጂ ለሲንተቲክ አይደለም። ባዶ ክላስ ጻፍና ኮምፓይል አድርገው፣ ኮንስትራክተር ይወጣልሃል፣ ሲንተቲክ የሚል ምልክት ግን የለበትም፣ ምክንያቱም ቋንቋው ራሱ ስላዘዘው በሕግ እንደታወጀ ነው የሚቆጠረው፣ በእጅህ የጻፍከው ነው የሚመስለው፣ የሚያስጠረጥርህ የመስመር ቁጥሩ ክላሱ የተጀመረበትን መስመር መጠቆሙ ብቻ ነው። የሲንተቲክ ምልክቱ (በሄክሳ፣ ማለትም በ16 ቤት አቆጣጠር፣ 1000) የሚለጠፈው ቋንቋው የማያውቀው፣ ኮምፓይለሩ ለራሱ ጉዳይ በጓዳ በር ያስገባው ላይ ነው። ከጃቫ 11 በፊት የውስጥ ክላስ የውጪውን ፕራይቬት ፊልድ (ለራሱ ብቻ የያዘውን መረጃ) ሲያነብ «አክሰስ ዶላር 000» (access$000) የምትባል ሜተድ ትገባ አልነበር? እሷ ናት። አሁን ለዛ አታስፈልግም።

ሰዋስው ወዳድ፦ ሌላው ቋንቋ፣ ሲፕላስፕላስስ?

ባይትኮድ፦ ክላንግ የሚባለውን ኮምፓይለር የኮዱን የሰዋስው ዛፍ ስታስወጣው ሳትጽፈው የመጣው ኮንስትራክተር ላይ «ኢምፕሊሲት» ብሎ ይጽፍልሃል። ሌላው ኮምፓይለር ጂሲሲ ደሞ በውስጡ «አርቲፊሻል» ነው የሚለው፣ ያ ሰውዬ «ሰው ሰራሽ»ን ከዛ አምጥቶት ይሆናል 😅

እቴጌ፦ «ኮምፓይለር ሰራሽ» ብንለውስ?

የቆሎ ተማሪ፦ ግማሹ ፈረንጅ ግማሹ አበሻ! ከሱ ኅቡእ በስንት ጣዕሙ። ደሞ ኀው የብዙኃኑ ኀ መሆኑን አትርሱ።

ግሪክ አዋቂ፦ ማስረጃ?

የቆሎ ተማሪ፦ መዝሙር 118፣ «ኀባእኩ ነቢበከ ውስተ ልብየ» (ቃልህን በልቤ ሸሸግሁ)። ዳዊት ሳትደግም ነው እንዴ ያደግከው?

ጀማሪ ተርጓሚ፦ እሺ እና ምን ብዬ ልጻፍ? ነገ ጠዋት አስረክባለሁ

የቆሎ ተማሪ፦ የፈለግከውን ጻፍ፣ ብቻ በአልፉ አ ይሁን።