የሆረር ፊልሜ መክፈቻ ከማስፈራት ይልቅ እያሳቀ ነው፤ ምን ላስተካክል?

ጥያቄ፦ የፊልም ተማሪ፣ አዲስ አበባ

ሰላም ለሁላችሁም። የመመረቂያ ሥራዬ 9 ደቂቃ የሚሆን አጭር ሆረር ነው። የቸገረኝ መክፈቻው ነው፤ 2 ደቂቃ ከ20 ሰከንድ ይፈጃል። አንዲት ልጅ በአክስቷ ቤት ብቻዋን አምሽታለች። መብራት ይጠፋል። ጓሮ ካለው ማድ ቤት ቡና ሲወቀጥ ይሰማል። የስልኳን መብራት ይዛ ትወጣለች፣ በሩን ትከፍታለች፤ ሙቀጫው አለ፣ ሰው የለም። ከዚያ የፊልሙ ርዕስ ይመጣል።

ለክፍል ጓደኞቼ ሳሳያቸው ሁለት ቦታ ላይ ሳቁ፤ የቀሩትም «ምን እንደሚመጣ ገና ከመጀመሪያው አወቅነው» አሉ። 41 ሾት (ሳይቆረጥ የሚታይ አንድ ቀረጻ) አለው፤ ሙዚቃው ከመጀመሪያው ሰከንድ ጀምሮ አይቋረጥም። ጨለማው ላይ ምስሉ አሸዋ የተበተነበት ይመስላል። መብራት ከመጥፋቱ በፊት ባሉት ሾቶች ላይ ደግሞ ጥቁር መስመሮች ይንሸራተታሉ።

ያለኝ ኤፒኤስሲ (መካከለኛ መጠን ያለው) ሴንሰር ያለው ካሜራ፣ 18-55 እና 50 ሚሊ ሜትር ሌንስ፣ ትራይፖድ፣ ትንሽ የድምፅ መቅጃና ሦስት ነጭ ኤልኢዲ አምፖል ነው። ጊምባል (ካሜራው ሲንቀሳቀስ እንዳይንቀጠቀጥ የሚይዝ መሣሪያ) የለኝም። ሁለት ሌሊት ደግሜ መቅረጽ እችላለሁ። ምን ላድርግ?

መልስ፦ ኤዲተር

እህቴ፣ 140 ሰከንድ ለ41 ሾት ሲካፈል እያንዳንዱ 3.4 ሰከንድ ገደማ ይደርሰዋል። ተመልካቹ ፍሬሙን (ስክሪኑ ላይ ያለውን ምስል) ማየት ገና ሲጀምር ወደ ሌላ ትወስጂዋለሽ። ፍርሃት የሚገባው ዓይኑ የሚታየውን ጨርሶ የማይታየውን መፈለግ ሲጀምር ነው፤ ለዚህ ደግሞ ጊዜ ያስፈልገዋል። ከ14 እስከ 16 ሾት ይበቃሻል።

እኩል ርዝመት ግን አትስጫቸው። የመጀመሪያው ሰፊ ሾት 18 ሰከንድ ይቆይ፤ ልጅቷ ሳህን ታጥባለች፣ ከጀርባዋ ወደ ጓሮ የሚያስወጣው በር ይታያል። መብራቱ ከጠፋ በኋላ 10፣ 9፣ 12 ሰከንድ። ማድ ቤቱ ጋ ስትደርስ 5፣ 4፣ 3። ሁሉም «አሁን መጣ» በሚልበት ቦታ ላይ ማሳጠርሽን አቁሚና አንዱን ሾት 9 ሰከንድ ያዢው። እያጠረ የሄደ ምት ፍንዳታ ያስጠብቃል፤ ፍንዳታው ሲዘገይ ትንፋሽ ይያዛል።

ሌላው የመረጃ ጉዳይ ነው። አሁን ተመልካቹ የሚያውቀው ልጅቷ የምታውቀውን ያህል ብቻ ስለሆነ የሚተርፍሽ ድንጋጤ ነው፤ ድንጋጤ ደግሞ ሁለት ሰከንድ አይቆይም። ስጋት ግን ደቂቃዎች ይቆያል። መብራት ሳይጠፋ በፊት ልጅቷ የማድ ቤቱን መቀርቀሪያ ከውጭ ስትዘጋ 4 ሰከንድ አሳዪ። በኋላ ወደ ጓሮ ስትወጣ መቀርቀሪያው ተከፍቶ ከፍሬሙ ዳር ይታይ፤ እሷ መሬት መሬቱን እያየች ትሂድ። ክሎዝ አፕ አታድርጊበት። ተመልካቹ ራሱ ሲያገኘው «ተመለሺ!» ማለት ይጀምራል።

መልስ፦ ካሜራ ላይ የምሠራ

ከመስመሮቹ ልጀምር፣ ቀላሉ እሱ ነውና። የኤሌክትሪክ መስመራችን 50 ኸርዝ ነው፤ አምፖሉ በሰከንድ 100 ጊዜ ይደምቃል፣ 100 ጊዜ ይደበዝዛል። ሻተርሽ (እያንዳንዱ ምስል ብርሃን የሚቀበልበት ጊዜ) 1/60 ሰከንድ ላይ ከሆነ ከዚህ ምት ጋር አይገጥምም፤ ጥቁሩ መስመር የሚመጣው ከዚያ ነው። 1/50 ወይም 1/100 አድርጊው። ሜኑው ላይ በሰከንድ 25 ፍሬም (ምስል) ካጣሽ ካሜራው ኤንቲኤስሲ በሚባለው የቪዲዮ ሥርዓት ላይ ስለሆነ ፓል ወደሚባለው ቀይሪው። የቀረውን ፊልም በ24 ፍሬም ቀርፀሽ ከሆነ ግን ፍሬሙን ሳትነኪ ሻተሩን ብቻ 1/50 አድርጊ፣ ይበቃል። ርካሽ አምፖል ከዚህም በኋላ ሊያስቸግር ስለሚችል እያንዳንዱን 10 ሰከንድ ቅረጪና በትልቅ ስክሪን እዪው፤ ብልጭ ድርግም የሚለውን አውጪው።

አሸዋው የመጣው በእውነተኛ ጨለማ ውስጥ ቀርፀሽ ኤዲት ላይ ስላበራሽው ነው። ተቃራኒውን አድርጊ፦ በቂ ብርሃን ይዘሽ ቅረጪ፣ ኤዲት ላይ ከአንድ እስከ አንድ ተኩል ስቶፕ አውርጂ (አንድ ስቶፕ ማውረድ ብርሃኑን በግማሽ መቀነስ ነው)። አይኤስኦ (ካሜራው ለብርሃን ያለው ስሜት) ከ800 እስከ 1600፣ አፐርቸር (የሌንሱ ቀዳዳ ስፋት) 2.8። በ50 ሚሊ ሜትሩ 1.8 ላይ አትቅረጪ፤ በ1.5 ሜትር ርቀት ፎከስ ውስጥ የሚገባው 6 ሳንቲ ሜትር ገደማ ብቻ ነው፣ ልጅቷ አንድ እርምጃ ስትራመድ ዓይኗ ይጠፋል። በ2.8 ወደ 10 ሳንቲ ሜትር ይሰፋል።

ብርሃኑን ከፊት አታምጪው። አንዱን አምፖል ከመስኮቱ ውጭ፣ ከመሬት 2.5 ሜትር ያህል ከፍ አድርገሽ ስቀዪ፤ የካሜራውን ኋይት ባላንስ (የቀለም ሚዛን) 3200 ኬልቪን ላይ አስቀምጪ። ነጩ አምፖል ሰማያዊ ሆኖ ጨረቃ ይመስላል፤ የልጅቷ ጠርዝ ይታያል፣ ፊቷ ግማሹ ይጨልማል። መጋረጃውን ሦስት አራተኛ ዝጊው፤ ብርሃኑ በቀጭን ስንጥቅ ሲገባ የቀረው ክፍል የማን እንደሆነ አይታወቅም። የስልኩን መብራት በአንድ ንብርብር ሶፍት ሸፍኚው፤ ካልሆነ ግድግዳው ነጭ እሳት ይሆናል። የሁለተኛውን አምፖል ብርሃን ጣሪያ ላይ አንጥረሽ በጣም በስሱ ተጠቀሚ።

ፍሬም ላይ ደግሞ ልጅቷን አንድ ጥግ አስይዣትና የቀረውን ሁለት ሦስተኛ ለጨለማው በር ተዪለት። ምንም አይግባበት። ሦስት ሾት ላይ ይህንኑ ብትደግሚ ተመልካቹ እሷን ትቶ በሩን ማየት ይጀምራል፤ ያኔ በእጅሽ ገባ።

ጊምባል ለምን ያስፈልግሻል? ቤቱ ሊሾ ከሆነ ትራይፖዱን ዝቅ አድርገሽ የታጠፈ ጋቢ ላይ አቁሚው፤ አንድ ሰው ከፍሬሙ ውጭ ሆኖ በዝግታ ይጎትተው፤ 40 ሳንቲ ሜትር በ12 ሰከንድ። ተመልካቹ እንቅስቃሴውን ሳያስተውለው ክፍሉ ሲጠብበት ይሰማዋል። የጓሮውን ሰፊ ሾት ማታ 12 ሰዓት አካባቢ ፀሐይ እንደጠለቀች ቅረጪ፤ አገራችን ለምድር ወገብ ቅርብ ስለሆነ ሰማያዊው ብርሃን ከ20 ደቂቃ ብዙም አይዘልም። ልምምዱ 11 ሰዓት ተኩል ላይ ማለቅ አለበት።

መልስ፦ ድምፅ ባለሙያ

ሙዚቃውን ሙሉ በሙሉ አውጪው። ሙዚቃ ከመጀመሪያው «ፍሩ» ካለ ሰው ማዳመጡን ያቆማል፤ ያንቺ ፊልም ደግሞ ሙሉ በሙሉ በማዳመጥ ላይ የቆመ ነው። የሚወቀጥ ቡና ሁላችንም ቤት የምናውቀው፣ ደስ የሚል ድምፅ ነው። ይህን ድምፅ ያለ ቦታውና ያለ ሰዓቱ ማምጣትሽ ትልቁ ሀብትሽ ነው፤ በሙዚቃ አትሸፍኚው።

ሙቀጫውን ለብቻው ቅረጪው፤ 48 ኪሎ ኸርዝ፣ 24 ቢት፣ ከፍተኛው የድምፅ መጠን ከ−12 እስከ −6 ዴሲቤል። ሦስት ጊዜ ትቀርጪዋለሽ፦ ከ50 ሳንቲ ሜትር፣ ከ3 ሜትር፣ እና የማድ ቤቱ በር ተዘግቶ መቅጃው ሳሎን ሆኖ። የመጨረሻውን ኤዲት ላይ በኢኮላይዘር (የድምፅ ቅጥነትና ውፍረት ማስተካከያ) ላስመስለው ብትዪ አይሆንልሽም፤ ቆርቆሮውና ጓሮው የሚጨምሩበት ነገር አለ። ሙቀጫው ውስጥ እውነተኛ የተቆላ ቡና ይግባ። መጀመሪያ ፍሬው ሲሰነጠቅ ቀጭን ድምፅ ያወጣል፣ ሲደቅ ይደፈናል። ተመልካቹ ሳያውቀው «እዚያ የሚሠራ ሰው አለ፣ ሥራውም እየገፋ ነው» ብሎ ያምናል። ባዶ ሙቀጫ ከወቀጥሽ ውሸቱ ወዲያው ይሰማል።

ምቱ በ1.2 ሰከንድ አንድ ጊዜ፣ እኩል ይሁን። ጆሮ ሰባት ስምንት ምት ከሰማ ቀጣዩን ራሱ ይቆጥራል። ከዚያ አንዱን አጉድዪ፤ ብዙ አትጨምሪበት። ልጅቷ እግሯን ስታነሳ አንድ ምት ይቅር፣ ስታቆም ይቀጥል። ያ የጎደለ ምት ከማንኛውም ጩኸት ይበልጣል፣ ምክንያቱም ወቃጩ እየሰማት እንደሆነ ይናገራል። የመጀመሪያውን ምት ደግሞ ምስሉ ወደ ቀጣዩ ሾት ከመቀየሩ 15 ፍሬም (ከግማሽ ሰከንድ ትንሽ በላይ) አስቀድሚው።

ዝምታ ማለት ባዶ ትራክ ማለት አይደለም። ድምፁን ዜሮ ካደረግሽው ሰው ስፒከር የተበላሸ ይመስለዋል። በእያንዳንዱ ቦታ ሁሉም ሰው ቆሞ 60 ሰከንድ የክፍሉን ድምፅ ቅረጪ። ፍሪጁን ንቀዪው፣ የቤቱንም ቁልፍ ፍሪጁ ውስጥ አስቀምጪ፤ መልሰሽ ሳትሰኪ መውጣት አትችዪም። ኤዲት ላይ ሦስት ሽፋን ይኑርሽ፦ የክፍሉ ድምፅ፣ ፌንጣ፣ ሩቅ ውሻ። ወደ ማድ ቤቱ ስትጠጋ መጀመሪያ ውሻው ዝም ይበል፣ ከ8 ሰከንድ በኋላ ፌንጣው፣ ከዚያ የክፍሉ ድምፅ በ15 ሰከንድ ውስጥ በ8 ዴሲቤል ይውረድ። ወፍራም ጉርምርምታ ማስገባት ካማረሽ ከ60 ኸርዝ በታች ብቻ አታድርጊው፤ ስልክና ላፕቶፕ አያሰሙትም። ከ100 እስከ 200 ኸርዝ ድረስ የሚሰማ ነገር ይኑረው።

ክረምት ላይ ከሆነ የምትቀርጪው፣ ዝናብ በቆርቆሮ ላይ ሲጀምር ድምፅ መቅረጽ አቁሚ። ከሌሎቹ ሾቶች ጋር አይገጥምም።

ጠያቂዋ

በጣም አመሰግናለሁ። ሁለት ጥያቄ ልጨምር። በሩን ከመክፈቷ በፊት ድመት ዘላ ብታስደነግጣትስ? መጨረሻ ላይ ደግሞ የሆነ ጥላ ላሳይ ወይስ አላሳይ?

መልስ፦ ዳይሬክተር

ድመቷ የቆየች ዘዴ ናት። እ.ኤ.አ. በ1942 በወጣው «ካት ፒፕል» በተባለው የአሜሪካ ፊልም አንዲት ሴት ሌሊት ስትሄድ የሚከተላት ነገር እንዳለ ይሰማታል፤ ፀጥ ካለ በኋላ አውሬ የሚመስል ድምፅ ይመጣል፣ አውቶቡስ ሆኖ ይገኛል። በፕሮዲውሰሩ ስም «የሉተን አውቶቡስ» እየተባለ እስከ ዛሬ ይጠቀሳል። የሐሰት ድንጋጤ ግን የተጠራቀመውን ውጥረት ያፈሰዋል፤ መልሶ ለመሙላት ቢያንስ አንድ ደቂቃ ይፈልጋል። በ140 ሰከንድ ውስጥ ያ ጊዜ የለሽም። ድመቷን ተያት።

ሳቁ የመጣው፣ ከጻፍሽው እንደምረዳው፣ ተዋናይዋ ከተመልካቹ ቀድማ ስለፈራች ነው። «ፍሪ» አትበያት፤ ሥራ ስጫት። አሁን ለምን እንደምትወጣ እንኳ አይታወቅም። ክብሪቱና ሻማው ማድ ቤት ይሁኑ፣ የስልኳ ባትሪ 4 በመቶ ላይ ይሁን። ሙቀጫውን ስትሰማ አክስቷ የተመለሱ ይመስላት፤ ፈገግ ብላ «እትዬ፣ መጡ እንዴ?» ትበል። ምቱ እዚያ ላይ ይቁም። 4 ሰከንድ ምንም። ከዚያ ይቀጥል። ፊቷ ላይ የሚታየው ነገር ያንን 4 ሰከንድ ተከትሎ የሚመጣው ብቻ ነው። ምን እንዳየች ከማሳየትሽ በፊት ደግሞ ስታይ 3 ሰከንድ አሳዪን።

በመቀርቀሪያው ላይ ከኤዲተሩ ወንድሜ ጋር አልስማማም። ተከፍቶ ከታየ ሌባ ገባ እንላለን፤ ሌባ ደግሞ ምክንያት ነው። ከውጭ እንደተዘጋ ይሁንና ራሷ ትክፈተው። በመክፈቻው ስትዘጋው ስላየን፣ እጇ መቀርቀሪያው ላይ ሲያርፍ ውስጥ ሰው ሊኖር እንደማይችል እናውቃለን። ሁለቱንም መቅረጽ 10 ደቂቃ አይፈጅም፤ ቀርፀሽ ኤዲት ላይ ወስኚ።

ጥላ አታሳዪ። የተሠራውን ሥራ አሳዪ፦ ሙቀጫው ውስጥ የላመ ቡና፣ ዘነዘናው ተደግፎ፣ ጫፉ ላይ ዱቄት። 6 ሰከንድ። ከዚያ ምቱ እንደገና ይጀምር፤ አሁን ግን ከጀርባዋ፣ ትታው ከመጣችው ቤት ውስጥ። ሳትዞር ርዕሱ ይምጣ።

መልስ፦ ኤዲተር

የተዘጋውን መቀርቀሪያ ተቀበልኩ፤ የኔን ሐሳብ ተዪው። ርዕሱ ግን ከሁለተኛው ምት በኋላ ይግባ፣ ከመጀመሪያው አይደለም። አንድ ምት ብቻ ከሆነ ግማሹ ሰው ከየት እንደመጣ አይለይም።

መልስ፦ ድምፅ ባለሙያ

ለዚያ መጨረሻ ምት የማድ ቤቱን ቅጂ መልሰሽ አትጠቀሚ። ሙቀጫውን ሳሎን አስገቢ፣ መቅጃውን ልጅቷ የቆመችበት ማድ ቤት ደጃፍ አስቀምጪ፣ የሳሎኑን በር ግማሽ ክፈቺ፣ 10 ምት ቅረጪ። ቡናው ቀድሞ የላመው ይሁን፤ ድምፁ ድፍን ሆኖ ይመጣል።