ዴርማቶስኮፑ አልበራ አለኝ፣ ታማሚው ደጅ ተቀምጠዋል

ጤና መኮንን፣ ፍኖተ ሰላም፦ ቶሎ ድረሱልኝ! በእጅ የሚያዘው የቆዳ ማያ መሣሪያ፣ ዴርማቶስኮፑ፣ ድንገት አልበራ አለ። ትናንት ደህና ነበር። አንድ አባት ተረከዛቸው ላይ ጥቁር ነገር አለባቸው፣ እየሰፋ ነው ይላሉ። ከሰዓት መኪና ይዘው ይሄዳሉ።

የዳሞት ልጅ፦ ቻርጅ አድርጊው።

ጮቄ፦ ዓይነቱን ንገሪን እንጂ! ባትሪው የሚወጣ ከሆነ፣ የሚነካበትን ብረት በአልኮል ጥረጊ። ዝገት ይይዘዋል።

ሰከላ፦ መብራት መጥፋት ከቤታችን አልፎ ቆዳ ውስጥ ገባ በሉኛ 😂

መምህር ነኝ፦ እህቴ፣ መጀመሪያ የመሣሪያውን ሥራ እንወቅ። 10 እጥፍ ማጉላቱ ብቻ አይደለም፣ የቆዳውን ነጸብራቅ አጥፍቶ ከሥር ያለውን ቀለም ያሳያል። እኛን ጥቁሮቹን ሜላኖማ የሚባለው የቆዳ ካንሰር በብዛት የሚይዘን ፀሐይ በማያገኘው በውስጥ እግር፣ በመዳፍና በጥፍር ሥር ነው። በ1973 ዓ.ም. ያረፈው ቦብ ማርሌይም ከእግር ጣቱ ነው የጀመረው...

የዳሞት ልጅ፦ እኔ አሁንም ቻርጅ ነው የምለው።

የላብራቶሪ ሰው፦ መምህር ትምህርቱ ሸጋ ነው፣ ሰውዬው ግን መኪና ሊያመልጣቸው ነው። የአልትራሳውንድ ጄል ጠብ አድርጊበት፣ ስላይድ መስታወት ጫኚበት፣ ከጎን በስልክሽ መብራት እያበራሽ በሌንሱ እዪው። ጄሉ ነጸብራቁን ይቀንሰዋል። ደግሞ በውኃ የሚለቅ ማርከር ቀቢና ወዲያው ጥረጊው፣ ቀለሙ የቆዳው መስመር ጎድጓዳ ውስጥ ይቀራል። ጥቁረቱ ጎድጓዳውን ከተከተለ ብዙ ጊዜ ተራ ምልክት ነው። ጉብታውን ከተከተለ ግን ያሰጋል።

እናርጅ እናውጋ፦ በስልክ አፕ ፎቶ አንስተሽ ብትጠይቂውስ?

ከደብረ ማርቆስ፦ አፑን ተዉት፣ አብዛኛው የሠለጠነው በነጭ ቆዳ ፎቶ ነው። ይልቅ አንድ ነገር ልጠይቅሽ፣ መብራቱ ቢበራና መልኩ ደህና ቢመስልሽ ልትሸኛቸው ነው? በዚህ ዕድሜ እየሰፋ ያለ የተረከዝ ጥቁረት ናሙና ይወሰድለታል፣ አለቀ። መሣሪያ ማን ናሙና ይወሰድለት የሚለውን ለመምረጥ ይረዳል እንጂ ካንሰር ነው ብሎ የሚፈርደው ፓቶሎጂ (የናሙናው የላብራቶሪ ምርመራ) ነው። ማስመሪያ አጠገቡ አድርገሽ ፎቶ አንሺ፣ ብሽሽታቸው ላይ ንፍፊት ካለ ዳብሺ፣ ባሕር ዳር ቆዳ ሐኪም ጋ ሪፈር ጻፊላቸው።

ጤና መኮንን፣ ፍኖተ ሰላም፦ ባትሪው አይወጣም፣ በገመድ ነው የሚሞላው። ጄል አለኝ። ተረከዛቸው ግን በባዶ እግር እርሻ ደንድኖ ተሰነጣጥቋል፣ መስመር የሚባል አይታይም።

የላብራቶሪ ሰው፦ እንግዲያው ማርከሩን ተዪው፣ አይነበብም። ከማርቆስ የተባለውን አድርጊ።

የዳሞት ልጅ፦ በገመድ?! ቻርጅ ስል ሳቃችሁብኝ እኮ። ሌላ ገመድ ሞክሪ፣ ቀዳዳውንም አቧራ እንዳለው እዪ።