ሮው ፋይሎቼን ወደ ዲኤንጂ ስቀይር ግማሻቸው ሮዝ ሆነ

ጥያቄ፦
ሰላም ለሁላችሁ። የእህቴን ምርቃት በሮው (ካሜራው ያነበበውን ሳያቀናብር በሚያስቀምጥበት የፋይል ዓይነት) አንስቼ ነበር። ወደ ኮምፒውተር ገለበጥኳቸውና ወደ ዲኤንጂ፣ ማለትም አዶቤ ወዳወጣው የሮው ፋይል ዓይነት ቀየርኳቸው። አብዛኞቹ ደህና ናቸው። አንዳንዶቹ ግን ከመሃል ወደ ታች ሮዝ ሆነዋል፤ ሌሎቹ ላይ አግድም መስመር ወጥቷል። ግራ ያጋባኝ፣ የገለበጥኩትን ሮው ራሱን ስከፍተው መጀመሪያ ጥርት ብሎ ይታያል፤ ወዲያው ዓይኔ እያየ ይበላሻል። እናቴ እህቴን ያቀፈችበት ፎቶ ከተበላሹት አንዱ ነው፤ እሱን ማጣት አልፈልግም። ካርዱን እስካሁን አልነካሁትም። ጥፋቱ የመቀየሪያው ፕሮግራም ነው?

መልስ፦
አይዞሽ እህቴ። ካርዱ ሳይነካ መቆየቱ በጣም ጥሩ ነው። አሁንም ምንም እንዳታነሺበት፣ ፎርማትም እንዳታደርጊው። በጎኑ መቆለፊያ ካለው ቆልፊው።

መጀመሪያ ጥርት ብሎ የሚታይሽ ዋናው ሮው አይደለም። ካሜራው ፋይሉ ውስጥ አብሮ የሚያስቀምጣት ተራ የጄፔግ ምስል ናት። ፕሮግራሙ እሷን ቶሎ ያሳይሽና ዋናውን ዳታ አንብቦ ሲጨርስ ጉዳቱ ይወጣል። ሮው ራሱ እንዲህ ከሆነ ደግሞ መቀየሪያው ያገኘውን ይዞ ሄደ እንጂ አላበላሸም። ፋይሉ የተጎዳው ከዚያ በፊት ነው።

ስለዚህ ማጣራት ያለብሽ ጉዳቱ ካርዱ ላይ ነው ወይስ ሲገለበጥ የመጣ የሚለውን ነው። ያንኑ ፋይል በሌላ ካርድ ሪደር፣ ወደ ሌላ ፎልደር ደግመሽ ገልብጪ። የሁለቱን ቅጂዎች ቼክሰም (ከፋይሉ ይዘት ተሰልቶ የሚወጣ መለያ ቁጥር) አወዳድሪ። ከተለያየ ካርዱ ላይ ያለው ደህና የመሆን ተስፋ አለው፤ ጥርጣሬው ሪደሩ፣ ኬብሉ፣ ራሙ (የኮምፒውተሩ ጊዜያዊ ማህደረ ትውስታ) ወይም ዲስኩ ላይ ነው። አንድ ዓይነት ከሆነና ምስሉም እዚያው ቦታ ላይ ከተበላሸ፣ ካርዱ ላይ ያለው ራሱ ተጎድቷል። አንድ ነገር ልብ በይ፤ በየመሃሉ ካርዱን አውጥተሽ መልሺው። አለዚያ ኮምፒውተሩ ቀድሞ ያነበበውን ከራም አውጥቶ ሊሰጥሽ ይችላል።

ሌላ መልስ፦
ከላይ በተባለው እስማማለሁ። ሪደር ቀይረሽም ቼክሰሙ የሚዋዥቅ ከሆነ ራሙን ሜምቴስት86 በሚባለው የራም መፈተሻ ፕሮግራም ፈትሺው። ዋናው ዳታ ጨርሶ የማይድን ፋይል ካለ ደግሞ ያቺን ጄፔግ ኤግዚፍቱል በሚባለው ፕሮግራም ማውጣት ይቻላል። በብዙ ካሜራዎች ሙሉ መጠን ናት፤ በአንዳንዶቹ አነስ ትላለች። ቀለም ለማረም እንደ ሮው አትመችም፤ ግን ፎቶው ይተርፋል።

ጠያቂዋ፦
ሌላ ሪደር ተውሼ ሞከርኩ። ቼክሰሙ ተለያየ! አሁን ፎቶዎቹ ንጹህ ናቸው፤ የእናቴም። አንዷ ብቻ በሁለቱም ሪደር እዚያው ጋ ትቆረጣለች። ጄፔጓን አወጣሁ፤ ሙሉ መጠን ናት። እግዚአብሔር ይስጥልኝ! ዲኤንጂዎቹንስ ምን ላድርጋቸው?

መልስ፦
እሰይ! ከአዲሶቹ ቅጂዎች እንደ አዲስ ቀይሪ። የድሮዎቹን ላይትሩም (የአዶቤ ፎቶ ማስተካከያ ፕሮግራም) ውስጥ ባለው የዲኤንጂ ማረጋገጫ አጣርቼ ላስቀር እንዳትዪ። እሱ የሚነግርሽ ፋይሉ ከተቀየረ በኋላ ተነክቶ እንደሆነ ብቻ ነው፤ ከዚያ በፊት የተበላሸውን ደህና ነው ብሎ ያሳልፈዋል። ካርዱንም አዲሶቹን አንድ በአንድ ከፍተሽ እስክታዪና ሌላ ዲስክ ላይ እስክትገለብጪ ድረስ አታጥፊው። ያንን ሪደር ግን ከእንግዲህ አትጠቀሚበት።