ብልቃጥ ውስጥ የወጡ ተርቦች አባጨጓሬውን አያገኙትም፤ ምን ጎደላቸው?

የግንፍሌ ጓሮ፦ ሰላም ለሁላችሁ። ከጥቅል ጎመን ላይ የተሰበሰቡ የኮቴሲያ (አባጨጓሬ ውስጥ እንቁላል የምትጥል ትንሽ ተርብ) ሙሽሬዎች፣ ማለትም ከትል ወደ ተርብ በመለወጥ ላይ ያሉ፣ ብልቃጥ ውስጥ ተፈልፍለዋል። አራት ኪሎ በረንዳ ላይ ካለው የሀበሻ ጎመን ዘንድ ሲለቀቁ ግን ወደ ብርሃን ይበራሉ እንጂ የተበላውን ቅጠል ዞር ብለው አያዩትም። አባጨጓሬው ሞልቷል። ተፈጥሯቸው አይመራቸውም እንዴ?

አንቴና፦ ተፈጥሮ የምትሰጣቸው ግማሹን ነው። ተርቧ የአባጨጓሬን ኩስ ስትነካ ማወቋ አብሯት የተወለደ ነው፤ ኩሱ ያለበትን ተክል ሽታ ግን ትማራለች። ተመራማሪዎቹ ሉዊስና ተምሊንሰን በ1988 ማይክሮፕሊቲስ በተባለች ተርብ እንዳሳዩት፣ ኩስ እየነካካች ቫኒላ የሸተታት ተርብ ከዚያ በኋላ ቫኒላውን ተከትላ ትበራለች። ያንተዎቹ ገና ምንም አልተማሩም።

መጀመሪያ 1 ወይም 2 ቀን ከወንዶቹ ጋር ተዋቸው፤ ከወንድ ያልተገናኘች ሴት የምትጥለው እንቁላል ወንድ ብቻ ይሆናል። ከዚያ ሴቷን ለብቻ አድርገህ፣ ትኩስ ኩስ ያለበትን የተበላ ቅጠል አስጠጋላት። በአንቴናዋ ጫፍ ኩሱን መነካካት ስትጀምር አትረብሻት፣ እየተማረች ነው። አባጨጓሬ ወግታ እንቁላል ብትጥል ደግሞ ትምህርቱ ይጠብቃል። ቅጠሉ ከምትለቃት ከሀበሻ ጎመኑ ይሁን፤ በጥቅል ጎመን አስተምሮ ሌላ ላይ መልቀቅ ድካም ነው።

ማርና ጥጥ፦ ምግቡን አትርሱ። በ1990 ሉዊስና ታካሱ አንዱን ሽታ ከስኳር ውሃ፣ ሌላውን ከአባጨጓሬ ጋር አስተማሯቸው፤ ተርቦቹ ሲርባቸው ወደ ፊተኛው፣ ሲጠግቡ ወደ ኋለኛው ሄዱ። ስለዚህ የማር ውሃ በጥጥ ነክረህ አስቀድመህ አጥግባቸው። ግን ማሩን ከጎመን ቅጠል ጋር በፍጹም አታስቀምጥ፤ የጎመኑን ሽታ የምግብ ምልክት አድርገው ይይዙታል።

የግንፍሌ ጓሮ፦ አመሰግናለሁ። ቅጠሉን በመቀስ መቁረጥ አይበቃም?

አንቴና፦ አይበቃም። መቀስ የሚያወጣው የተቆረጠ ሣር ዓይነት ሽታ ነው፣ ቶሎ ይጠፋል። በበቆሎ ላይ እንደታየው የአባጨጓሬው የአፍ ፈሳሽ ቁስሉን ሲነካ ተክሉ ከሰዓታት በኋላ የራሱን ሽታ ያመርታል። ሌሊቱን ይብሉት፣ ጠዋት ተጠቀምበት።

ስንት ጊዜ ማስተማር እንዳለብህ ዝርያው ይወስነዋል። ኮቴሲያ ግሎሜራታ 1 ጊዜ ይበቃታል፤ ኮቴሲያ ሩቤኩላ ግን በመሃሉ እረፍት ያለው ድግግሞሽ ትፈልጋለች። ዝርያውን ካልለየህ ደጋግም።

ስትለቅ የብልቃጡን አፍ ከተበላው ቅጠል ሥር አድርገው፣ በነፋስ ሰዓት አይሁን። አባጨጓሬ የሌለበት ጎመን ላይ ደጋግማ ፈልጋ ካጣች ሽታውን ትተወዋለች።