አሲክሎቪር የሚወስዱ ታካሚዬ እጃቸው አብጧል፣ ቀጣዩ ዶዝ ሊደርስ ነው፣ እርዱኝ

ተረኛዋ፦ ሰላም ለሁላችሁ። ያየ ሰው እባካችሁ ቶሎ ይመልስልኝ። አሁን ሌሊት 9 ሰዓት ከ10 ነው። ለአንጎል ሄርፐስ የቫይረስ መድኃኒቱን አሲክሎቪር በደም ሥር የሚወስዱ አንድ አባት አሉኝ። እጃቸው አብጧል። ደም ሥራቸው ውስጥ ያለው ካኑላ (ቀጭኑ ቱቦ) ዙሪያ ቀልቷል፣ ስነካቸው ፊታቸውን ያጨማድዳሉ። ድሪፑን ዘግቻለሁ። የ10 ሰዓቱ ዶዝ ግን እየደረሰ ነው። በሌላኛው እጅ ወግቼ ልቀጥል? ለ28 ሰው ብቻዬን ነኝ።

ሚሚ፦ ሞቅ ያለ ፎጣ ያዢላቸው እህቴ። እኔ ሁሌ እንደዛ ነው የማደርገው።

ጋሽ መርፌ፦ ልጄ፣ መጀመሪያ የምትሰጪውን መድኃኒት እወቂው። ይሄ መድኃኒት ሳይኖር ሄርፐስ አንጎል ውስጥ የገባበት ሰው ከ10 ሰባቱ ይሞት ነበር። ጌርትሩድ ኤሊየን የምትባል ሴት የመራችው ቡድን ደከመበት። እሷም በ1988 እ.ኤ.አ. ኖቤል ከተካፈሉት ሦስቱ አንዷ ሆነች። የዛሬ ልጆች ይህን አታነቡም። ደማችን ፒኤቹ (የአሲድና የቤዝ መለኪያው) 7.4 ነው፣ የተበጠበጠ አሲክሎቪር ግን ወደ 11 ይጠጋል። ከደም ሥር ወጥቶ ሥጋ ውስጥ ሲገባ በረኪና እንደ ፈሰሰበት ቁጠሪው። እኔ በጀመርኩበት ዘመን ሲሪንጅ ቀቅለን ነበር የምንወጋው…

ሳቂታው፦ ጋሼ፣ ልጅቷ እጃቸው አብጧል አለች እንጂ ነገ ፈተና አለብኝ አላለችም።

ፋርማሲ በር፦ ካኑላውን ገና አትንቀይው። ባዶ ሲሪንጅ ሰክተሽ የቻልሽውን ያህል ወደ ኋላ ሳቢ፣ ከዚያ አውጪው። በሳላይን (በጨው ውሃ) እንዳታጥቢው፣ መድኃኒቱን ወደ ሥጋው ነው የምትገፊው። የቀላውን ዳር በእስክሪብቶ አስምሪበትና ሰዓቱን ጻፊ፣ እየሰፋ መሆኑን በዚያ ታውቂያለሽ። እጃቸውን በትራስ ከፍ አድርጊው። አሁን ንገሪኝ፦ እንዴት ነው የተበጠበጠው? በስንት ደቂቃ ገባ?

ተረኛዋ፦ ካኑላውን ነቅዬዋለሁ፣ ቀደምኩህ። የማታ 2 ሰዓቱን የሰጠሁት እኔ አይደለሁም። ቻርቱ ላይ 500 ሚሊግራም በየ8 ሰዓቱ ይላል። ልጃቸው ግን «ያቺ ሲስተር በሲሪንጅ ገፋችው» አለኝ። የ10 ሰዓቱንም በጥብጣ ፍሪጅ ውስጥ ትታልኛለች። ከታች ነጭ ነገር ይዟል። አወዛውዤ ልስጠው?

ፋርማሲ በር፦ በፍጹም! ጣይው። የተበጠበጠ አሲክሎቪር ፍሪጅ አይገባም፣ ክሪስታል ይሠራል። ቤተሰብ ከውጭ ፋርማሲ በስንት ብር እንደገዛው ይገባኛል፣ ቢሆንም ጣይው። በሲሪንጅ መግፋትም የለም። አዲስ ስትበጠብጪ ባለ 500ውን ቫያል በ10 ሚሊ ሊትር የመርፌ ውሃ፣ ማቆያ ኬሚካል በሌለበት። ከዚያ 100 ሚሊ ሊትር ኖርማል ሳላይን ውስጥ ጨምሪው። በአንድ ሚሊ ሊትር ወደ 4.5 ሚሊግራም ይሆናል፣ ከ7 መብለጥ የለበትም። ከአንድ ሰዓት ባላነሰ ይግባ። አይቪ ሴቱ በሚሊ ሊትር 20 ጠብታ ከሆነ በደቂቃ 37 ጠብታ ገደማ ነው። ፓኬቱን እዪው፣ ባለ 15 ከሆነ 28 ነው።

ሚሚ፦ ፎጣውን ሞከርሽው?

ዋርድ ቢ፦ ፎጣ አይደለም፣ በረዶ ነው የሚያዘው!

ፋርማሲ በር፦ እሱን የሆስፒታሏ መመሪያ ይወስን። ብቻ ራሱን በደንብ ለማያውቅ ሰው የፈላ ውሃ በላስቲክ ሞልታችሁ አታስደግፉ። ቃጠሎውን አይነግራችሁም፣ ቆዳው ተልጦ ታገኙታላችሁ።

ኢንተርን ነበርኩ፦ ሁላችሁም እጁ ላይ ተጣዳችሁ። ሲስተር፣ «በሌላኛው እጅ ልቀጥል» የሚለው ጥያቄ ራሱ ልክ አይደለም። ይህ መድኃኒት በፍጥነት ሲገባ ኩላሊት ውስጥ ክሪስታል ሆኖ ቱቦዎቹን ይዘጋል። ሽንታቸው ስንት ነው? ክሬቲኒንስ፣ ኩላሊት ሲደክም ደም ውስጥ የሚጨምረው? ዲክሎ፣ የህመም ማስታገሻው፣ ተወግተዋል?

ተረኛዋ፦ ካቴተር አላቸው። ከማታ 12 ሰዓት ወዲህ ከረጢቱ ውስጥ ያለው 150 ሚሊ ሊትር ነው፣ ቀለሙም የጠላ ነው። ክሬቲኒን ሲገቡ 0.9 ነበር። የትናንቱ ወረቀት ካርዱ ውስጥ ተጣጥፎ አገኘሁት፣ 1.7 ይላል። ማንም ያየው አይመስለኝም። ዲክሎ ለትኩሳት ማታ ተወግተዋል። ቫንኮማይሲንም (አንቲባዮቲክ) አላቸው። 60 ዓመት፣ 52 ኪሎ። ደግሞ ከምሽት ጀምሮ አየር ላይ የሆነ ነገር ይለቅማሉ፣ እጃቸው ይንቀጠቀጣል። ልጃቸው በሽታው ባሰበት፣ ጸበል ልውሰደው እያለኝ ነው።

ኢንተርን ነበርኩ፦ ይኸው! በኪሎ 0.5 ሚሊ ሊትር በሰዓት ብንል ቢያንስ 26 መሽናት ነበረባቸው። በ9 ሰዓት 234 ማለት ነው። እሳቸው ጋ 150። በ1.7 የኩላሊት ማጣሪያው ስሌት በደቂቃ ወደ 34 ሚሊ ሊትር ይመጣል፣ ክሬቲኒኑ ገና እየጨመረ ከሆነ እውነተኛው ከዚያም ያንሳል። ከ25 እስከ 50 ባለው በየ8 ሰዓቱ መሆኑ ቀርቶ በየ12 ነው የሚሰጠው። ዲክሎና ቫንኮ ደግሞ ኩላሊቱን ከሌላ ወገን ይመቱታል። መልቀሙና መንቀጥቀጡ ከበሽታው ሊሆን ይችላል፣ ኩላሊት ሲደክም የሚጠራቀመው መድኃኒት ራሱም እንደዚያ ያደርጋል። ተረኛ ሐኪሙን አሁኑኑ ቀስቅሺው። ዶዙን በራስሽ አታቋርጪ፣ በራስሽም አትስጪ። ፈሳሽም እሱ ይዘዝ፣ አንጎል ያበጠበት ሰው ላይ ዝም ብሎ አይለቀቅም።

መላ አለኝ፦ ለምን ኪኒኑን ፈጭተሽ በአፍንጫ ቱቦ አትሰጫቸውም? ከካኑላ ጣጣ ትገላገያለሽ።

ፋርማሲ በር፦ መላህ አይሠራም ወንድሜ። ከሚዋጠው ውስጥ ደም የሚደርሰው ከመቶ 20 ገደማ ቢሆን ነው። ለአንጎል ሄርፐስ በቂ አይደለም።

ጋሽ መርፌ፦ ኢንተርን የነበረው ልጅ ትክክል ነው። እኔም መጀመሪያ ስለ ሽንቱ ልጠይቅ ነበር።

ሳቂታው፦ ከኖቤሉ በኋላ ማለት ነው?

ተረኛዋ፦ ደወልኩ። በሦስተኛው አነሳ። ክሬቲኒኑን ስነግረው ዝም አለ፣ ከዚያ መጣሁ አለ። ዲክሎውን ሰርዟል። ቫንኮው ሐኪሞቹ ጠዋት ራውንድ እስኪወጡ ድረስ ሳይሰጥ ይቆይ ብሏል። አሲክሎቪሩ በየ12 ሰዓቱ ሆኗል፣ ቀጣዩ ጠዋት 2 ሰዓት። ሳላይን በሰዓት ቆጥሮ አዟል፣ ደምም ወስደናል። በሌላኛው ክንድ ላይ አዲስ ካኑላ አስገብቻለሁ። ለልጃቸውም አስረድቼዋለሁ፣ እስከ ጠዋት እሺ ብሏል። አንድ ሕፃን እያለቀሰ ነው፣ መጣሁ።

ፋርማሲ በር፦ ጎበዝ። ጠዋት ለምትረከብሽ ልጅ በቃል ብቻ አትንገሪያት፣ ቻርቱ ላይ በትልቁ ጻፊው፦ በአንድ ሰዓት፣ አይገፋም፣ ፍሪጅ አይገባም። ድሪፑ ካለቀ በኋላ ያሉትን ሁለት ሰዓታት ሽንታቸውን ትከታተል። ኩላሊት ውስጥ መድኃኒቱ በጣም የሚበዛው ያኔ ነው።

ዋርድ ቢ፦ ተረኛዋ፣ ከጠፋሽ ሁለት ቀን ሆነሽ እኮ። ሽንታቸውስ? አዲሱ ክሬቲኒን ስንት መጣ?

ሚሚ፦ ፎጣውንስ አደረግሽላቸው?