ኮግኒቲቭ ሬዲዮ አዳምጦ ብቻ «ይህ ቻናል ባዶ ነው» ሊል ይችላል?

የሞገድ ተማሪ (ጠያቂ)

ለሁለተኛ ዲግሪ መመረቂያ ጽሑፌ የማጠናው፣ ባለፈቃዱ ሳይጠቀምበት የተቀመጠን ፍሪኩዌንሲ ኮግኒቲቭ ሬዲዮ (አካባቢውን ተረድቶ አሠራሩን የሚለውጥ ሬዲዮ) በራሱ አዳምጦ እንዴት ሥራ ላይ ሊያውለው እንደሚችል ነው። በርካሽ የአርቲኤል ኤስዲአር መቀበያ (ኮምፒውተር ላይ በሚሰካ አነስተኛ የሬዲዮ መቀበያ) ከ470 እስከ 694 ሜጋኸርዝ ያለውን የቴሌቪዥን ባንድ እየቃኘሁ፣ በእያንዳንዱ ቻናል ያለውን ኃይል እለካና ካስቀመጥሁት ወሰን በታች የሆነውን «ክፍት» ብዬ እመዘግባለሁ። ክፍሌ ውስጥ ስለካ አብዛኛው ባንድ ባዶ ይመስላል፤ ያንኑ መሣሪያ ጣሪያ ላይ ሳወጣው ግን ባዶ ካልኋቸው መካከል ሁለቱ ቻናሎች ሥርጭት ይዘው ተገኙ። ሲግናሉን ክፍል ውስጥ ሆኜ ለመያዝ የመለኪያ ጊዜውን ከ1 ሰከንድ ወደ 10 ደቂቃ ባራዝመውም ምንም ለውጥ አላመጣም፤ የተማርሁት ግን ረዘም ላለ ጊዜ ማዳመጥ ደካማ ሲግናልን ከኖይዝ (ከሲግናሉ ጋር ከሚቀላቀል የዘፈቀደ ረብሻ) ለይቶ እንደሚያወጣ ነበር። ጉድለቱ የአለካኬ ነው ወይስ የዘዴው?

አሮጌ አንቴና

የሁለቱም ነው፤ የዘዴው ግን ይበልጣል። ረጅም ጊዜ መለካት የሚጠቅመው የኖይዙን መጠን በትክክል እስካወቁት ድረስ ብቻ ነው። የኖይዝ ግምትዎ ወደ ላይም ሆነ ወደ ታች በ1 ዲሲቤል (የኃይል ንጽጽር መለኪያ) ሊዛነፍ የሚችል ከሆነ፣ ከኖይዙ ከ3.3 ዲሲቤል በላይ ዝቅ ያለን ሲግናል ኃይል በመለካት ብቻ በአስተማማኝ ሁኔታ መለየት አይቻልም፤ ዓመት ሙሉ ቢያዳምጡም ያው ነው። በሙያው «የኤስኤንአር (የሲግናልና የኖይዝ ንጽጽር) ግድግዳ» የሚባለው ይህ ነው። ለማነጻጸር ያህል፣ የአሜሪካ ፌዴራል ኮሙኒኬሽን ኮሚሽን በ2008 የቴሌቪዥን ክፍት ቻናሎችን ለሌሎች ተጠቃሚዎች ሲፈቅድ፣ መሣሪያዎቹ እስከ −114 ዲቢኤም (ከአንድ ሚሊዋት አንጻር በዲሲቤል የሚገለጽ ኃይል) የወረደ ሥርጭት እንዲሰሙ ጠይቆ ነበር። በ6 ሜጋኸርዝ ቻናል ውስጥ ከሙቀት የሚመነጨው ኖይዝ ብቻውን ወደ −106 ዲቢኤም ስለሚደርስ፣ የተጠየቀው ከኖይዝ 8 ዲሲቤል ያህል በታች ያለን ሲግናል መስማት ነበር፤ መቀበያው ራሱ የሚጨምረው ኖይዝ ገና ሳይታሰብ ማለት ነው።

ስለዚህ በመጀመሪያ የመቀበያውን ራስ-ሰር የጌይን (የማጉያ መጠን) መቆጣጠሪያ ያጥፉ፤ እሱ ባለበት ኃይል ለካሁ ማለት አይቻልም። ቀጥሎ ኃይልን ሳይሆን የሲግናሉን ጠባይ ይፈልጉ። በዲቪቢ-ቲ (የዲጂታል ቴሌቪዥን የምድር ሥርጭት ደረጃ) ሥርጭት የእያንዳንዱ ሲምቦል (መረጃ ተሸክሞ የሚላክ አጭር የሲግናል ክፍል) ጅራት ተቀድቶ ከፊቱ ይለጠፋል፤ በ8 ሜጋኸርዝ ቻናልና 8ኬ በሚባለው የሲምቦል ርዝመት አሠራር በቅጂውና በዋናው መካከል ያለው ርቀት 896 ማይክሮሰከንድ ነው። የተቀበሉትን ሲግናል በዚህ መጠን አዘግይተው ከራሱ ጋር ቢያነጻጽሩት፣ ሥርጭት ካለ ይመሳሰላል፤ ኖይዝ ግን ከራሱ ጋር አይመሳሰልም። መቀበያዎ ከቻናሉ 2.4 ሜጋኸርዝ ያህሉን ብቻ ቢይዝም ለዚህ ሥራ አያንስም።

የሞገድ ተማሪ

ራስ-ሰር ጌይኑ እውነትም ክፍት ነበር፤ አፈርሁ። ካጠፋሁት በኋላ ልኬቱ ቢረጋጋም ክፍል ውስጥ ሁለቱ ቻናሎች አሁንም አይታዩም። በ896 ማይክሮሰከንዱ ዘዴ ግን አንደኛው ወጣ፤ ሁለተኛው አልወጣም።

ባለ ሁለት ፈቃድ

ሁለተኛውም ቢወጣ ኖሮ ጥያቄዎ አይዘጋም ነበር። እርስዎ የሚያዳምጡት አሠራጩን ነው፤ የሚረብሹት ግን ተቀባዩን ነው፤ ተቀባዩ ደግሞ የሚያዳምጡት ሲግናል አያሠራጭም። መሣሪያዎ ከግድግዳ ኋላ ሆኖ ሥርጭቱን ባይሰማም፣ የጎረቤት ቴሌቪዥን በጣሪያ አንቴና ያንኑ ሥርጭት እየተቀበለ ሊሆን ይችላል፤ እርስዎ ማሠራጨት ሲጀምሩ የሚበላሸው የእሱ ምስል ነው። ክፍልዎና ጣሪያዎ የተለያየ መልስ መስጠታቸው ይህንኑ የተሰወረ ተጠቃሚ ችግር በዓይን አሳይቶዎታል፤ እንዲያውም የመመረቂያ ጽሑፍዎ ምርጥ ውጤት እሱ ይመስለኛል። ከላይ የተጠቀሰው ኮሚሽን በ2010 ደንቡን ሲያሻሽል፣ ቦታቸውን አውቀው ከዳታቤዝ የቻናል ዝርዝር የሚጠይቁ መሣሪያዎችን ከማዳመጥ ግዴታ ነፃ አደረጋቸው። እኔም ብሆን ለቴሌቪዥን ባንድ ከዚያ ውጭ መንገድ አይታየኝም።

የሞገድ ተማሪ

ሁሉም ነገር በዳታቤዝ ካለቀ ታዲያ «ኮግኒቲቭ» የሚለው ስም ምን ቀረለት?

አሮጌ አንቴና

ጆሴፍ ሚቶላና ጄራልድ ማጓየር ሐሳቡን በ1999 ሲያቀርቡ፣ አካባቢውንና የተጠቃሚውን ፍላጎት ተረድቶ አሠራሩን የሚለውጥ ሬዲዮን ማለታቸው ነበር፤ ባዶ ቻናል ማሰስ ከዚያ አንዱ ክፍል ብቻ ነው። ማዳመጥም ቢሆን አልሞተም። የ5 ጊጋኸርዝ ዋይፋይ ራዳር በሚሠራባቸው ቻናሎች ላይ ከመጀመሩ በፊት አብዛኛውን ጊዜ 60 ሰከንድ ማዳመጥ አለበት፤ ሥራ ላይ እያለም ራዳር ከሰማ ቻናሉን ለቅቆ ለ30 ደቂቃ አይመለስበትም። አሜሪካ ውስጥ ከ3550 እስከ 3700 ሜጋኸርዝ ባለው የጋራ ባንድም በባሕር ጠረፍ የተተከሉ አዳማጮች የባሕር ኃይል ራዳር ሲሰሙ ለማዕከላዊው ሥርዓት ያሳውቃሉ፤ እሱም ሌሎቹን ተጠቃሚዎች ዞር ያደርጋል።

እዚያ የሠራው በቴሌቪዥን ያልሠራበትን ምክንያት ልብ ይበሉ፤ ራዳር አሠራጩም ተቀባዩም ብዙውን ጊዜ አንድ ቦታ ነው፤ እርስዎ በደንብ ከሰሙት እሱም እርስዎን ሊሰማ ይችላል፤ ካልሰሙት ደግሞ እሱን የመረበሽ ዕድልዎ ትንሽ ነው። በቴሌቪዥን ይህ ዝምድና የለም።

የሞገድ ተማሪ

እንግዲያው ርእሱን ጠበብ አድርጌ፣ ቀሪውን ጊዜ የክፍሉንና የጣሪያውን ልዩነት በየቻናሉ በዲሲቤል ለመለካት አውለዋለሁ። ያልወጣውን ሁለተኛ ቻናል በተመለከተ፣ ሥርጭቱ የዲቪቢ-ቲ ተተኪ የሆነው ዲቪቢ-ቲ2 ሊሆን እንደሚችል አሁን ገባኝ፤ ለእሱ የሌላ አሠራር የሲምቦል ርዝመቶችን መሞከር ይኖርብኛል ማለት ነው?

አሮጌ አንቴና

አዎ። 32ኬ ከሆነ 3584 ማይክሮሰከንድ ነው፤ ከእሱ ይጀምሩ።