ለ14 ዓመት ልጄ የእንጨት ክላሪኔት፦ የቱን ልግዛ?

የሩት እናት፣ ሲልቨር ስፕሪንግ

ሰላም ለሁላችሁ። ስለ ሙዚቃ መሣሪያ የማውቀው ነገር የለም። ያደግኩበት ቤት ውስጥ ድምፅ የሚያወጣ ዕቃ ቢኖር የአባቴ ሬዲዮ ብቻ ነበር። ጥያቄዬ የሚያስቅ ከሆነ ከሳቃችሁ በኋላ መልሱልኝ።

ልጄ ሩት 14 ዓመቷ ነው። ከ6ኛ ክፍል ጀምሮ ክላሪኔት ትነፋለች። እስካሁን የያዘችው በየወሩ የምንከራይላትን የፕላስቲክ ያማሃ ነው። ዘንድሮ ሃይስኩል ገባች። ባለፈው ሳምንት የባንድ አስተማሪዋ አስጠራኝና ልጅቷ አሁን ካለችበት መሣሪያ እንዳለፈች ነገረኝ። ቁራጭ ወረቀት ላይም ሁለት ስም ጻፈልኝ፦ ያማሃ 450 እና ቡፌ ኢ11። ሁለቱም እንጨት ናቸው።

ወረቀቱን ይዤ ሱቅ ገባሁ። ልጁ የአዲሱን ያማሃ ዋጋ ሲነግረኝ ያልሰማሁ መስዬ ድገምልኝ አልኩት። ሲደግመውም ያው ከ2 ሺህ ዶላር በላይ ነው። በሚቀጥለው ወር ዕቁብ ይደርሰኛል፤ ከእሱ ላይ 1,500 ዶላር ለዚህ ነገር መመደብ እችላለሁ። ከዚያ በላይ ግን አይሆንልኝም።

ባለቤቴ ደግሞ ኢንተርኔት ላይ 280 ዶላር የሚሸጥ አገኘ። "ይኸው እንጨት፣ ይኸው ክላሪኔት፣ ልዩነቱ ምንድን ነው?" ይለኛል። የምመልስለት የለኝም። ሩት ፎቶውን አይታ ክፍሏ ገብታ በሯን ዘጋች።

ሌላ ደግሞ፣ ትምህርት ሲዘጋ አዲስ አበባ እንሄዳለን። አያቷ ስትነፋ መስማት ይፈልጋሉ። አንዲት ጓደኛዬ ይህ እንጨት የተከለከለ ነው፣ ኤርፖርት ላይ ይወስዱባችኋል ብላ አስፈራርታኛለች። እውነት ነው?

የድሮው ክላሪኔት፣ አሌክሳንድሪያ

እህቴ፣ ያንቺ ጥያቄ አያስቅም። የሚያስቀው የባለቤትሽ ነው። እሱንም ቢሆን አልፈርድበትም፤ እኔም ተሸውጄ አውቃለሁ።

አገር ቤት ማርሽ ባንድ ውስጥ 11 ዓመት ክላሪኔት ነፍቻለሁ። እዚህ ቀን ታክሲ እነዳለሁ፣ ማታ ምድር ቤቴ ወርጄ የተማሪ ክላሪኔት እጠግናለሁ። ፓድ፣ ማለትም ከቁልፉ ሥር ሆኖ ቀዳዳውን የሚደፍነውን ለስላሳ ነገር፣ እቀይራለሁ፣ ቡሽ እለጥፋለሁ፣ የተጣመመ ቁልፍ አቀናለሁ። የምነግርሽም ጠረጴዛዬ ላይ ያየሁትን ነው።

የ280 ዶላሩን እርሺው። እንደሱ ያሉ ሦስት አራት መጥተውልኛል። እንጨቱስ እንጨት ነው፣ ጉዱ ያለው ብረቱ ላይ ነው። ቁልፎቹ ለስላሳ ናቸው። ልጅ ስትገጣጥመው ትንሽ ጠበቅ አድርጋ ከያዘችው ይጣመማሉ። ላቃና ስል እጄ ላይ የተሰበረም አለ። መለዋወጫ ደግሞ አይገኝለትም። አንዲት እናት ያመጣችውን አይቼ፣ መጠገኛው ከገዛሽበት ይበልጣል ስላት ዓይኗ እንባ ሞላ። እኔም ቀኑን ሙሉ ከፋኝ።

እንጨቱ ግሬናዲላ ይባላል። ታንዛኒያዎች ምፒንጎ ይሉታል። ፋብሪካዎቹ በብዛት የሚያመጡት ከታንዛኒያና ከሞዛምቢክ ነው። እኛም አገር በሰሜን ምዕራብ ቆላ ይበቅላል። ቁራጩን ውሃ ውስጥ ብትጥይው ይሰምጣል፤ ያን ያህል ከባድ ነው። ዛፉ የሚያድገው ቀስ ብሎ ስለሆነ ውድ ነው።

አሁን የምለው ላይ ብዙ ነፊ አይስማማኝም። እንደኔ ድምፁን የሚያሳምረው እንጨቱ ራሱ ብዙም አይደለም። የውስጡ ቱቦ አቦራቦር፣ የቀዳዳዎቹ አሠራር፣ ከሁሉም በላይ ደግሞ ማውዝፒሱና (አፍ ውስጥ የሚገባው ጫፍ) ሪዱ (እሱ ላይ የምትታሰረው ስስ የሸምበቆ ቁራጭ) ናቸው። ታዲያ ለምን እንጨት? ፋብሪካው ለእንጨቱ የበለጠ ስለሚጠነቀቅለት ነዋ። ቁልፉም፣ ቅኝቱም የተሻለ ሆኖ ይመጣል።

ከሁለቱ የቱ ካልሽኝ፣ እኔ በጠጋኝ ዓይን 450ን እወስዳለሁ። ቁልፉ ጠንካራ ነው፣ አንዱ 450 ከሌላው 450 ብዙ አይለያይም። ኢ11 ድምፁ ሞቅ ይላል፤ ግን አንዱ ከአንዱ ስለሚለያይ ሳይነፉት አይገዛም። በ1,500 ዶላር አዲስ አትፈልጊ። በደንብ የተያዘ ያገለገለ ውሰጂና የተረፈውን ለጥገናና ለማውዝፒስ አድርጊው።

ያገለገለ ስታዪ የላይኛውን ክፍል ብቻውን ያዢ። ሩት ቀዳዳዎቹን በጣቶቿ ትድፈን፣ አንቺ የታችኛውን ጫፍ በመዳፍሽ ዝጊ። ከዚያ በላይኛው ጫፍ አየሩን ምጠጪው። ከንፈርሽ ላይ ተጣብቆ ሁለት ሦስት ሰከንድ ከቆየ ፓዶቹ ጤነኛ ናቸው። ወዲያው ፍስስ ካለ ያፈሳል። ቀጥለሽ የስልክሽን መብራት አብሪና ከላይ በኩል፣ ሁለቱ ትንንሽ የትሪል ቁልፎች ያሉበትን ቦታ እዪ። ስንጥቅ የሚወደው እዚያ አካባቢ ነው። ፀጉር የምታህል መስመር ካየሽ ጥፍርሽን አሻግሪባት። ጥፍርሽን ከያዘችው ስንጥቅ ናት፤ ካልያዘችው የእንጨቱ መልክ ልትሆን ትችላለች። ስንጥቅ ስላለው ብቻ አትሽሺ፤ በደንብ የተጠገነ ያገለግላል። ዋጋ ግን አስቀንሺበት። መጨረሻ ላይ ሁለቱን ክፍል ገጥመሽ ወዝውዢው። እንደ አሮጌ በር ከተወዛወዘ ሥራ አለው። ቡፌ ከሆነ የላይኛውና የታችኛው ክፍል የመለያ ቁጥር አንድ መሆኑን ማየት አትርሺ።

አዲስ ሆነ ቁም ሣጥን ውስጥ የከረመ፣ በመጀመሪያዎቹ ሁለት ሳምንታት በቀን ከ15 እስከ 20 ደቂቃ ብቻ ትንፋው። ስትጨርስ ውስጡን በጨርቅ ትጥረገው። መኪና ውስጥ አይደር። ጥር ላይ ከብርድ ገብታ ወዲያው እንዳትነፋው። ውስጡ በትንፋሿ ሞቆ ይለጠጣል፣ ውጪው ገና በረዶ ነው፤ እንጨቱ የሚሰነጠቀው በዚህ መሐል ነው። ፕላስቲኩንም አትመልሺው። ሜዳ ላይ ማርች ሲያደርጉ ያስፈልጋታል።

ጓደኛሽ ያስፈራራችሽ የድሮውን ሰምታ ነው። በ2017 መጀመሪያ ላይ ይህ የእንጨት ዘር በዓለም አቀፉ የዕፅዋትና የእንስሳት ንግድ ስምምነት ቁጥጥር ውስጥ ገብቶ ነበር። ያን ጊዜ እኛም ተሸብረናል። በኅዳር 2019 ግን ተሠርተው ያለቁ የሙዚቃ መሣሪያዎች ነፃ ተደርገዋል። ደረሰኙን ፎቶ አንስተሽ ስልክሽ ላይ ያዢና ሂጂ።

ሪድ ሰባሪዋ፣ ሲያትል

ሰላም የሩት እናት። ሩት ያለችበት ቦታ ስለነበርኩ እኔም ልጨምር። ዩኒቨርሲቲ ነኝ፣ አሁንም እነፋለሁ።

ጋሼ ስለ ብርዱ ያሉትን እባክዎ ለሩት በደንብ ይንገሯት። እኔን ማንም አልነገረኝም። 10ኛ ክፍል እያለሁ እናቴ አዲስ የእንጨት ክላሪኔት ገዛችልኝ። እኔ ደግሞ ላሳይበት ብዬ ኅዳር ላይ ለፉትቦል ጨዋታ ሜዳ ይዤው ወጣሁ። ሲሰነጠቅ ድምፅ አልሰማሁም። በማግሥቱ ልምምድ ላይ ግን ግማሹ ኖታ እምቢ አለኝ። ሳየው ከትሪሉ ቀዳዳ ወደ ላይ የምትሄድ ቀጭን መስመር አለች። ለእናቴ ሳልነግራት ሦስት ሳምንት ቆየሁ። እሷ ኪችን ስትሆን ሌላ ክፍል ገብቼ የምነፋ አስመስል ነበር! መጨረሻ ላይ ጠጋኙ በማጣበቂያ ዘጋው፣ 150 ዶላር ከፈለች። እስከ ዛሬ በእሱ ነው የምነፋው። ኢ11 ነው፤ ጋሼ ይቅር ይበሉኝና በ450 አልለውጠውም።

እኔ የምመክርዎት ማውዝፒሱን ቀድመው እንዲገዙ ነው። ከያማሃ ጋር 4ሲ የሚባል ይመጣል፤ ለጀማሪ ጥሩ ነው፣ ሩት ግን አልፋዋለች። እኔ በአንድ ጊዜ ትልቅ ለውጥ ያየሁት ቫንዶረን ኤም13 ስገዛ ነው፣ ከእንጨቱም በላይ። ሌሎች ደግሞ ቢ45 ይወዳሉ፤ እኔን ጉንጬን ያደክመኛል። አስተማሪዋ ያስመርጣት። ከዚያ የራሷን ማውዝፒስና የለመደችውን ሪድ ይዛ ሄዳ ክላሪኔቶቹን ትሞክር። ያለዚያ የምታወዳድረው ማውዝፒስ ከማውዝፒስ ይሆናል።

ስትሞክር ቱነር፣ ማለትም ቅኝት የሚለካውን፣ ይክፈቱላት። ዝቅተኛውን ፋ ትንፋ፣ ጣቶቿን ሳታነሳ በአውራ ጣቷ የሬጅስተሩን ቁልፍ ትጫን። ወደ ላይኛው ዶ ይዘላል። ሁለቱም ለቅኝቱ ቅርብ ከሆኑ ደስ ይላል። የጉሮሮው የሚባለው የመሐሉ ሲ ቤሞል ታፍኖ ቢወጣ አይደንግጡ፤ በአብዛኛው ክላሪኔት ላይ እንደዚያው ነው።

ከአዲስ አበባ

እዚህ የሙዚቃ ተማሪ ነኝ። አያቷ ጋ ስለምትመጡ አንድ ሁለት ነገር ልበል።

እኛ ጋ እንጨት የሚያስቸግረው ከጥቅምት እስከ ጥር ነው። አየሩ ይደርቃል፣ ከንፈርም እንጨትም ይሰነጠቃል። ያን ጊዜ ቦርሳው ውስጥ ትንሽ የብርቱካን ልጣጭ አስቀምጣለሁ፤ ሻጋታ እንዳያወጣ በየሁለት ቀኑ እቀይረዋለሁ። እናንተ የምትመጡት ግን ክረምት ላይ ስለሆነ ነገሩ ተቃራኒ ነው። በሐምሌ ዝናብ እንጨቱ ያብጥና ክፍሎቹ መገጣጠሚያቸው ላይ ይነክሳሉ። አንድ ጊዜ ሁለት ሰው ሆነን ጎትተን ነው ያላቀቅነው። የቡሽ ቅባት አትርሱ። ከነፋች በኋላም ወዲያው ትፍታው፣ ተገጥሞ አይደር።

ከዘመድ ኪቦርድ ጋር ትዝታ ልትጫወት ከሆነ ደግሞ ክላሪኔቷ ሲ ቤሞል መሆኑን ለኪቦርዲስቱ ይንገሩት። እሷ ዶ ብላ ስትነፋ ኪቦርዱ ላይ ሲ ቤሞል ነው። እኔ በአንድ ሠርግ ላይ ይህን ሳልናገር ጀምሬ ሙሽራው ሁሉ ዞር ብሎ አይቶኛል። እስክትመጡ ድረስ የመርዓዊ ስጦትን ክላሪኔት ያሰሟት።

ሪድ ተርፏችሁ ከመጣ፣ ቁጥር 3 ነው የምነፋው። ነገርን ነገር ያነሳዋል ብዬ ነው።

የሩት እናት፣ ሲልቨር ስፕሪንግ

እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ከሦስት ሳምንት በኋላ ነው የተመለስኩት።

መጀመሪያ ያየነው ኢ11 ነበር፣ አንድ ሰው ቤት። ጋሼ እንዳሉኝ መዳፌን አስደግፌ መጠጥኩት። ፍስስ! ሰውዬው ቡናውን ይዞ ቆሞ ያየኛል። ሩት "እማዬ፣ በቃ እንሂድ" አለችኝ በአማርኛ። ሌላ ጊዜ አማርኛ ተናገሪ ብላት እሺ አትልም። ሁለተኛው 450 ነው፣ ትምህርቷን የጨረሰች ልጅ የምትሸጠው። ከንፈሬ ላይ ልጥፍ ብሎ ቀረ። ቁልፉ ትንሽ ጠቁሯል፣ ስንጥቅ የለውም። 1,050 ዶላር ተስማማን። ማውዝፒሱን አስተማሪዋ ሦስት አስሞክሯት ኤም13 መረጠች።

15 ደቂቃውን የሚጠብቀው ባለቤቴ ነው። የምድጃውን ሰዓት ይሞላና አጠገቧ ይቀመጣል። ሲጮህ ኖታው መሐል ብትሆንም ያስቆማታል። እሷ ትበሳጫለች፣ እሱ "ዋስትናው በእጄ ነው" ይላታል።

አሁን አንድ ችግር መጣ። ከትናንት ወዲያ ጀምሮ አንድ ኖታ ላይ እንደ ሺሻ ይንጎራጎራል። ተሰነጠቀ ይሆን? ሌሊቱን አልተኛሁም።

የድሮው ክላሪኔት፣ አሌክሳንድሪያ

ተኚ እህቴ። የትንፋሿ ውሃ አንዱ ቀዳዳ ውስጥ ገብቶ ነው። ሲጋራ የሚጠቀለልባትን ስስ ወረቀት ግዢ፤ ነዳጅ ማደያ ይሸጣሉ። የሚንጎራጎረው ኖታ ላይ የሚከፈተውን ቁልፍ አንሺና ወረቀቷን ከፓዱ ሥር አግቢ። ጫን አድርገሽ ትንሽ ቆዪ፣ ቁልፉን ለቅቀሽ አውጫት። ተጭነሽ እያለሽ አትጎትቺ፣ ፓዱን ትቀጂዋለሽ። ሙጫ ያለበትን የወረቀቷን ጠርዝም ቆርጠሽ ጣይው።

የሩት እናት፣ ሲልቨር ስፕሪንግ

ባለቤቴን ላክሁት። ማደያው ላይ የሚሠራው ልጅ የቤተ ክርስቲያናችን ልጅ ሆኖ ተገኘ። ለክላሪኔት ነው ቢለው "እሺ ጋሼ" ብሎ ሳቀ አሉ። እሑድ ዕለት ሁለት ሰው፣ ባለቤትሽ ደህና ነው ወይ ብለው ጠይቀውኛል።

ሺሻው ቆሟል።